ስለ መስኮብ ንጉሠ ነገሥት ስለ ጳውሎስ ቀዳማዊ፤ እውነቱና ወሬው

በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በታሪክ ክበብ አባሎች የቀረበ ንግግር



በዚህ በዓል ላይ ክበባችን አንድ ንግግር እንዲያቀርብ በተነገረን ጊዜ ስለ ማን እንናገር ብለን ተማከርን። ስለ ታላላቅ ድል አድራጊዎች የሚናገር ሰው መቼም አይጠፋም። እኛ የመረጥነው ግን ከ4 ዓመት ከ4 ወር በላይ ያልነገሠ፤ በሕይወቱ ሳለ የተፈራ፤ ከሞተ በኋላ የተሣቀበት፤ በገዛ መኝታ ቤቱም የተገደለ አንድ ንጉሥ ነው። እርሱም የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት ጳውሎስ ቀዳማዊ፤ በአገሩ ቋንቋ ፓቬል የሚባለው ነው። ስለ እርሱ የሚነገረው ነገር ስንዴና እንክርዳድ ሆኖ ተቀላቅሏል። ከዚህም የሚገርመው፤ በእርሱ ታሪክ ውስጥ ተረት የሚመስለው ብዙ ጊዜ እውነት ሆኖ ይገኛል፤ በማኅተም የታወጀው ደግሞ ሐሰት ሆኖ ይገኛል። ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሰው ሁሉ ከሚያውቀው ተረት እንጀምር።

በጳውሎስ ዘመን አንድ ጸሐፊ የመኮንኖች ሹመት ትእዛዝ ይጽፍ ነበር ይባላል። ዝቅተኛውን የመኮንንነት ማዕርግ የያዙት ሰዎች በመስኮብኛ «ፕራፖርሽቺክ» ይባላሉ፤ ሲበዙ «ፕራፖርሽቺኪ» ይሆናሉ፤ በስተኋላቸው «ዥ» የምትል ትንሽ ማያያዣ ስትከተል ደግሞ «ፕራፖርሽቺኪስ» እንደ ማለት ነው። ጸሐፊው መሥመሩ አለቀበትና የቃሉን ጅራት «ኪዥ» ብሎ ወደሚቀጥለው መሥመር አወረደው፤ ያውም በትልቅ ፊደል። ንጉሡ ወረቀቱን ሲያነብ ኪዥ የሚባል መኮንን ያለ መሰለውና አንድ ማዕርግ ጨመረለት። ትንሽ ቈይቶ ደግሞ ሌላ ጨመረለት። እንዲህ እያለ የሌለው ሰው እስከ ኮሎኔልነት ደረሰ። በመጨረሻ ንጉሡ «ኮሎኔል ኪዥን አምጡልኝ» ባለ ጊዜ ሹማምንቱ ጨነቃቸው፤ መዝገብ ቢያገላብጡ ሰው የለም፤ «የለም» ብሎ ለመናገርም የደፈረ የለም። ስለዚህ ሞቷል ብለው ነገሩት። ንጉሡም ጥሩ መኮንን ነበር ብሎ አዘነ ይባላል።

መልካም ተረት ነው። ነገር ግን ከየት መጣ? በጽሑፍ የምናገኘው በ1870 በአንድ የታሪክ መጽሔት ላይ ሲሆን፤ የጻፈውም ታላቁ የመስኮብኛ መዝገበ ቃላት አዘጋጅ ቭላዲሚር ዳል ነው። ዳል የተወለደው ጳውሎስ በሞተበት በ1801 ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ያየውን ሳይሆን የሰማውን፤ ያውም ንጉሡ ከሞተ ከ69 ዓመት በኋላ፤ አሳተመ ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ በ1928 ዩሪ ቲኒያኖቭ የተባለ ደራሲ ተረቱን አስፋፍቶ ልብ ወለድ አደረገው፤ በ1934 ሲኒማ ሆነ፤ ፕሮኮፊየቭም ሙዚቃውን ደረሰለት። ዛሬ በዓለም ላይ ከጳውሎስ ይልቅ ኪዥ ይታወቃል ብንል ብዙ አንሳሳትም። የሌለው ሰው ያለውን በዝና በለጠው።

ታዲያ ይህ ተረት ከምንም ተነሥቶ የተፈጠረ ነውን? እኛ ያስገረመን እዚህ ላይ ነው። በጳውሎስ እናት በታላቋ ካትሪን ዘመን በወረቀት ላይ ብቻ የሚኖሩ ወታደሮች በእርግጥ ነበሩ። መኳንንቱ ሕፃናት ልጆቻቸውን በክብር ዘበኛ ክፍለ ጦር መዝገብ ላይ ያስጽፉ ነበር፤ ልጁ በሞግዚት ጉልበት ላይ ተቀምጦ ገንፎ ሲበላ ማዕርጉ በመዝገብ ላይ ያድጋል። የፑሽኪንን «የሻምበሉ ልጅ» ያነበባችሁ፤ ዋናው ሰው ገና በእናቱ ማኅፀን ሳለ ሳጅን ሆኖ እንደ ተጻፈ ታስታውሳላችሁ። ይህን ልማድ የሻረው፤ በሥራቸው ላይ የማይገኙትን ሁሉ ከመዝገብ ያስወጣው ጳውሎስ ነው። እንግዲህ የወረቀት ወታደሮችን ያባረረውን ንጉሥ፤ የወረቀት ወታደር ኮሎኔል አደረገ ብለው ሣቁበት። ማን ሣቀ? ልጆቻቸው ከመዝገብ የተፋቁባቸው መኳንንት ቢሆኑ አያስደንቅም፤ በዚያን ጊዜ ማስታወሻ የሚጽፉትም እነርሱው ነበሩ። ገባሩ ብዕር አልነበረውም።

ሁለተኛው ተረት የሳይቤሪያው ሰልፍ ነው። ንጉሡ በሰልፍ ላይ አንድ ክፍለ ጦር ደስ ሳያሰኘው ቢቀር «ወደ ፊት ሂድ፤ ወደ ሳይቤሪያ!» ብሎ አዘዘ፤ ክፍለ ጦሩም ከሰልፉ ሜዳ ሳይመለስ በዚያው ጉዞ ጀመረ ይባላል። የትኛው ክፍለ ጦር ነው ቢሉ አንዱ የፈረሰኛ ክቡር ዘበኛ ነው ይላል፤ ሌላው ሌላ ስም ይጠራል። የታሪክ ሊቃውንት ከተረት ይቈጥሩታል። በሰልፍ ላይ መቈጣቱ፤ መኮንኖችን በአንድ ቃል መሻሩና ከከተማ ማባረሩ ግን እውነት ነው። ታላቁን የጦር አለቃ ሱቮሮቭን እንኳ በ1797 ወደ ገጠር ርስቱ ሰዶት ነበር፤ በ1799 መልሶ ጠርቶ ወደ ኢጣሊያና ወደ ስዊስ አዘመተው፤ ድል አድርጎ ሲመለስ ከጄኔራሎች ሁሉ በላይ አደረገው፤ ጥቂት ሳይቈይ ደግሞ ፊቱን አዞረበት። እንዲህ ያለ ጌታ ያለው መኮንን ማታ ሲተኛ ጧት የት እንደሚነሣ ስለማያውቅ፤ የሳይቤሪያውን ተረት ቢያምን ልንፈርድበት አንችልም።

ሦስተኛውን በአጭሩ እናልፈዋለን። የእንጨትና የሊጥ ወታደሮቹን የበላችበትን አይጥ በጦር ሕግ ፈርዶ ሰቀላት የሚባለው ታሪክ ብዙ ጊዜ ለጳውሎስ ይሰጣል። ታሪኩ ግን የሚነገረው ስለ አባቱ ስለ ጴጥሮስ ሣልሳዊ ነው። የምትናገረውም ባሏን ከዙፋን ያወረደች ካትሪን ናት፤ በገዛ ማስታወሻዋ ላይ። ምስክሯ ማን እንደ ሆነች አድማጮቻችን ይመዝኑ።

አሁን ደግሞ ተረት ወደሚመስለው እውነት እንመለስ።

ጳውሎስ ክብ ባርኔጣ ከለከለ። ጅራታም የፈረንጅ ኮትና ሰደርያም ከለከለ። በፒተርስበርግ ከተማ ፖሊሶች የመንገደኛውን ባርኔጣ ከራሱ ላይ ይነጥቁ ነበር። ሠረገላው በመንገድ ሲያልፍ ያገኘው ሰው ሁሉ፤ እመቤትም ብትሆን፤ ከሠረገላ ወርዶ እጅ እንዲነሣ ታዘዘ፤ ጭቃና በረዶ ቢሆንም ያው ነው። «አባት አገር» የሚለው ቃል ቀርቶ በምትኩ «መንግሥት» እንዲባል፤ «ዜጋ» ማለትም ቀርቶ «ነዋሪ» እንዲባል፤ «ማኅበር» የሚለው ቃል ግን ጭራሹን እንዳይጻፍ ተወሰነ። በ1800 ከውጭ አገር መጽሐፍ እንዳይገባ ከለከለ፤ የሙዚቃ ኖታ እንኳ ሳይቀር። ወጣቶችም ለትምህርት ወደ ውጭ አገር እንዳይሄዱ ታገዱ። ይህን የመጨረሻውን ስንሰማ ከመካከላችን ያልተቈጣ አልነበረም።

ይህ ሁሉ የእብደት ሥራ ነውን? ብዙ ሰው እንዲህ ይላል። ነገር ግን ዘመኑን ማየት ያስፈልጋል። ጳውሎስ አልጋ ወራሽ ሳለ በ1782 ከሚስቱ ጋር ስሙን ለውጦ «የሰሜኑ ኮንት» ተብሎ አውሮፓን ሲጐበኝ በቬርሳይ ሉዊ 16ኛና ማሪ አንቷኔት በክብር ተቀብለውት ነበር። 12 ዓመት ሳይሞላ ሁለቱም በአብዮቱ ጊዜ አንገታቸው ተቈረጠ። ክብ ባርኔጣውና ጅራታሙ ኮት በእርሱ ዓይን የገዳዮቹ ልብስ ነበረ፤ «ዜጋ» ማለትም የገዳዮቹ ቃል። የፈራውን ነገር እናውቃለን፤ የመረጠው መድኃኒት ግን ባርኔጣ መንጠቅ ሆነ።

ስለ ባርኔጣ ካነሣን አይቀር አንድ ነገር እንጨምር። ፑሽኪን ጳውሎስ በሞተ ጊዜ ገና ሁለት ዓመት አልሞላውም ነበር። ነገር ግን በ1834 ለሚስቱ በላከው ደብዳቤ ሦስት ንጉሦች እንዳየ ገልጾ፤ የመጀመሪያው ሞግዚቱን ቈጥቶ የሕፃኑን ቆብ እንዳስወለቀ ይነግራታል። ሕፃን ይህን ሊያስታውስ አይችልምና ከቤተ ሰቡ የሰማው መሆን አለበት፤ ከነገሩ ጠባይ ጋር ግን በጣም ይስማማል። የፑሽኪን እናት አያት የአብራም ሃኒባል ልጅ ስለ ሆነ በአገራችን ይህን ባለ ቅኔ እንደ ዘመድ እንቈጥረዋለን። ሃኒባል የተወለደው ወዴት ነው በሚለው ላይ ሊቃውንት አንድ አይደሉም፤ አንዳንዶቹ ከእኛ ወገን፤ ሌሎቹ ከቻድ ሐይቅ በስተደቡብ ነው ይላሉ። ስለ ወሬና ስለ እውነት እየተናገርን የሚጣፍጠንን ብቻ ብንነግራችሁ ደግ አይሆንም።

አሁን የምንናገረው ከሁሉ ይልቅ ተረት ይመስላል። በ1801 መጀመሪያ በሐምቡርግ ጋዜጣ ላይ እንዲህ ያለ ወሬ ወጣ፤ የመስኮብ ንጉሠ ነገሥት የአውሮፓ ነገሥታት ሊስማሙ አለመቻላቸውን አይቶ፤ ጦር ከመስደድ ይልቅ ራሳቸው ነገሥታቱ አንድ ለአንድ ወጥተው ይዋጉ፤ ሚኒስትሮቻቸውም አጃቢ ይሁኑ ይላል። ይህ ቀልድ አይደለም፤ ወይም ቀልድ ከሆነ የንጉሡ የራሱ ቀልድ ነው። ጽሑፉን ያዘጋጀው ኮትሰቡ የተባለ ጀርመናዊ ደራሲ ሲሆን፤ እንዴት ተጠርቶ እንደ ታዘዘ በራሱ መጽሐፍ ተርኮታል። ይህ ደራሲ በ1800 ድንበር ላይ ተይዞ ወደ ሳይቤሪያ ተግዞ ነበር፤ ከጥቂት ወር በኋላ ያው ንጉሥ መልሶ አመጣው፤ ርስት ሰጠው፤ የጀርመን ቴያትርም ሹም አደረገው። ጳውሎስ በዚያ ውጊያ ላይ የራሱ አጃቢ እንዲሆኑ የጠራቸው ሁለት ጄኔራሎች ኩቱዞቭና ፓሌን ነበሩ። ፓሌን የሚለውን ስም እባካችሁ ያዙልን።

በዚያው በ1801 ክረምት ወደ 22,000 የሚሆኑ የዶን ኮሳኮች ወደ ሕንድ እንዲዘምቱ፤ እንግሊዞችንም ከዚያ እንዲያስወጡ አዘዘ። ይህም እውነት ነው፤ ትእዛዙ አለ። ከእንግሊዝ ጋር የተጣላው ባመዛኙ ስለ ማልታ ደሴት ነው፤ ኦርቶዶክስ ሆኖ ሳለ የካቶሊኮቹ የማልታ ፈረሰኞች ማኅበር በ1798 አለቃው አድርጎት ነበርና። ኮሳኮቹ በረዶው ሲቀልጥ የቮልጋን ወንዝ በብዙ ችግር ተሻገሩ፤ ጥቂት እንደ ሄዱም ንጉሡ መሞቱንና አዲሱ ንጉሥ ተመለሱ ማለቱን ሰሙ።

አንድ ሰው እንዲህ ሆኖ የሚያድገው እንዴት ነው? ጳውሎስ በ1754 በተወለደ ጊዜ ንግሥቲቱ ኤልሣቤጥ ከእናቱ እቅፍ ወስዳ ራሷ አሳደገችው። የ7 ዓመት ልጅ ሳለ በ1762 እናቱ ካትሪን አባቱን ጴጥሮስን ከዙፋን አወረደችው፤ ከጥቂት ቀን በኋላም ሮፕሻ በተባለ ስፍራ በጠባቂዎቹ እጅ ሳለ ሞተ። በአዋጅ የተነገረው በሆድ ቁርጠት ሞተ ተብሎ ነው። ማንም አላመነም። እንዲያውም በ1773 ፑጋቾቭ የሚባል ኮሳክ «ጴጥሮስ እኔ ነኝ፤ አልሞትኩም» ብሎ በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሰው አስከትሎ ተነሣ፤ በ1775 ሞስኮ ላይ በሞት ተቀጣ። አዋጁ ሐሰት ሲሆን ሰዉ ሌላ ሐሰት ፈልጎ ያምናል። ልጁም በዚህ መካከል አደገ፤ ዙፋኑን እስኪያገኝ 34 ዓመት ጠበቀ፤ ጋትቺና በተባለው ርስቱ ላይ ትንሽ ጦር እያሠለጠነ ኖረ።

በኅዳር 1796 እናቱ በሞተች ጊዜ የመጀመሪያ ሥራው ምን ነበር? የአባቱን አስከሬን ከመቃብር አስወጣ። ጴጥሮስ ዘውድ ሳይደፋ ሞቶ ስለ ነበር በሬሳ ሣጥኑ ላይ ዘውድ አኖረ። ከዚያም የባልና የሚስቱን ሣጥን ጎን ለጎን አስቀምጦ ነገሥታቱ በሚቀበሩበት ካቴድራል አንድ ላይ ቀበራቸው። በሮፕሻ ከነበሩት ሰዎች አንዱን አሌክሲ ኦርሎቭን ሽማግሌ ሆኖ ሳለ ዘውዱን ተሸክሞ በሰልፉ እንዲሄድ አስገደደው። ይህን አንዳንድ ሰው ከእብደቱ ሥራዎች ይቈጥረዋል። እኛ ግን ከመካከላችን አባቱን በሐሰት አዋጅ የተነጠቀ ልጅ ቢኖር ከዚህ የተለየ ያደርግ ነበር ለማለት ይቸግረናል።

መልካም ሥራም ነበረው። እናቱ ያሰረችውን የፖላንድ አርበኛ ኮሽቹሽኮን፤ ጸሐፊዎቹን ኖቪኮቭንና ራዲሽቼቭን ፈታ። በ1797 ዘውድ በደፋበት በትንሣኤ ቀን የአልጋ ወራሽነትን ሕግ አወጣ፤ ሕጉም እስከ 1917 ጸና። በዚያው ቀን ገባሩ በእሑድ ቀን ለባለ ርስቱ እንዳይሠራ፤ የባለ ርስቱ ሥራም በሳምንት ሦስት ቀን እንዲሆን አወጀ፤ ባለ ርስቶቹ ግን ብዙ አልሰሙትም። በቤተ መንግሥቱ አጠገብ ማንም ሰው አቤቱታውን የሚጥልበት ቢጫ ሣጥን አቁሞ ቊልፉን ራሱ ያዘ። ወታደሮች ክፉ አለቃን እንዲከሱ ፈቀደ። በሌላ ወገን ደግሞ በብዙ መቶ ሺህ የሚቈጠሩ የመንግሥት ገባሮችን ለወዳጆቹ ሰጠ፤ እነርሱ ስለ ቢጫው ሣጥን ምን እንዳሰቡ የጻፈልን የለም። ክሎችኮቭ የተባለ የታሪክ ሰው በ1916 ባሳተመው መጽሐፍ የጳውሎስን መንግሥት ከቀልድ ሳይሆን ከመዝገብ ቤት ወረቀት ሲመረምር ብዙ ሥራና ብዙ አሳብ አገኘበት። በአራት ዓመት ውስጥ ከ2,000 በላይ ሕጎችና ትእዛዞች ወጥተዋል፤ ጥድፊያው ራሱ ሰውን ሳያስመርር አልቀረም።

ስለ አፍንጫው የሚነገረውም አለ። አፍንጫው ደፍጣጣ ስለ ነበረ መልኩ በገንዘብ ላይ እንዳይቀረጽ ከለከለ ይባላል። በገንዘቡ ላይ መልኩ የሌለበት መሆኑ እውነት ነው። በስፍራው የተጻፈው ግን ክብሩ ለእኛ ሳይሆን ለስምህ ይሁን የሚለው የዳዊት መዝሙር አሳብ ነው። ምክንያቱ አፍንጫው ነው ወይስ ዳዊት? አሉባልተኛ አፍንጫውን ይመርጣል።

እንግዲህ ወደ መጨረሻው ደርሰናል። ጳውሎስ እንደሚገድሉት ይጠረጥር ስለ ነበር በውኃ የተከበበ ሚካኤል የተባለ አምባ አሠርቶ በየካቲት 1801 ገባበት። በዚያ የኖረው 40 ቀን ብቻ ነው። ከመጋቢት 23 እስከ 24 ባለው ሌሊት መኮንኖች ገብተው ገደሉት። የሤራው አለቃ የከተማይቱ ገዥ፤ አጃቢዬ ይሁን ብሎ በጋዜጣ የጠራው ያው ፓሌን ነበር። በማግስቱ አዋጅ ወጣ፤ ንጉሡ በድንገተኛ ደም ፍላት ሞቱ የሚል። አባትየው በሆድ ቁርጠት፤ ልጁ በደም ፍላት። ከመቶ ዓመት በላይ በሩሲያ ምድር ሌላ ነገር በግልጥ ማተም አይቻልም ነበር፤ የሤረኞቹና የምስክሮቹ ማስታወሻ በአንድ መጽሐፍ ተሰብስቦ የወጣው በ1907 ነው። ያን ያህል ዘመን እውነቱ የኖረው በሹክሹክታ ነው። እንግዲህ በዚህ ጊዜ ወሬ የነበረው እውነቱ፤ እውነት ተብሎ የተጻፈው ወሬው ነበር።

ሹክሹክታ ግን እውነት ብቻ አያድርም። በአምባው በር ላይ ስለ እግዚአብሔር ቤት ቅድስና የሚናገር ቃል ከመዝሙረ ዳዊት ተጽፏል፤ በእኛ ዳዊት 92ኛው መዝሙር ነው። ፊደሎቹ 47 ናቸው፤ ንጉሡም የሚኖረው በፊደሎቹ ቊጥር ነው ብላ አንዲት ባሕታዊት ተንብያ ነበር ተባለ። እኛም ቈጠርናቸው፤ እውነትም 47 ናቸው። ጳውሎስ ሲሞት ግን 46 ዓመት ከመንፈቅ እንኳ አልሞላውም ነበር። ትንቢቱን የሚወዱ ሰዎች «47ኛውን ጀምሯል» ብለው ያስተካክሉታል። ኋላም አምባው የመሐንዲሶች ትምህርት ቤት ሆነ፤ ዶስቶየቭስኪም የተማረው እዚያ ነው። ተማሪዎቹ የንጉሡ መንፈስ በሌሊት በኮሪደሩ ይዞራል እያሉ አዲስ የሚገባውን ያስፈራሩ እንደ ነበረ ሌስኮቭ በ1882 ባወጣው ታሪክ ይተርካል። የእኛም አዳሪዎች ይህን ሲሰሙ ፈገግ እንደሚሉ እናያለን።

ከሁሉ የወደድነው ምስክር ግን ሳብሉኮቭ የሚባል የፈረሰኛ ክቡር ዘበኛ መኮንን ነው። ሤራው ውስጥ አልነበረም፤ የንጉሡን ቊጣም ደግነቱንም ጽፏል። እንደ እርሱ አነጋገር፤ በማግስቱ ጧት ወታደሮቹ ለአዲሱ ንጉሥ ለአሌክሳንደር እንዲምሉ ሲታዘዙ ዝም አሉ። መኮንኖቹ ንጉሡ ሞቷል አሏቸው፤ አዋጁም ተነበበላቸው፤ እነርሱ ግን አልማሉም። ስለዚህ ከመካከላቸው ጥቂት ሰዎች ተመርጠው ወደ አምባው ተላኩ፤ በብዙ ክርክርም አስከሬኑ ወዳለበት ክፍል ገቡ። ሲመለሱ ሳብሉኮቭ በወታደሮቹ ፊት አንዱን ጠየቀው፤ አየኸውን? አዎን አየሁት አለ። በእርግጥ ሞቷልን? ወታደሩም፤ አዎን ጌታዬ፤ ሞቱ የጸና ነው ብሎ መለሰ። ያን ጊዜ የፈረሰኛ ክቡር ዘበኛው ማለ። ወደ ሳይቤሪያ ተነዳ የሚባለውም ይኸው ክፍለ ጦር ነው፤ በዚያ ጧት በፒተርስበርግ በገዛ ሰፈሩ ተሰልፎ ነበር።